ሐዲዱና ማጀቱ

ስለ ድሬዳዋ የተጻፈ የታሪክ ገጽ የሚከፍት ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው ባቡሩን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ እንደ ሰጡ፣ ከጅቡቲ የተነሣው መስመር የሐረርን ተራራ መውጣት ቢከብደው ከግርጌው ባለው ሞቃት ሜዳ ላይ እንደ ቆመ፣ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ አዲስ ከተማ እንደ ተቆረቆረች፣ ስሟም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ይባል እንደ ነበር እናነባለን። ቀጥሎ የመጀመሪያው ኩባንያ መክሰሩን፣ ሌላ ኩባንያ መተካቱን፣ ሐዲዱም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ መግባቱን እናነባለን። መሐንዲሱ፣ ንጉሡ፣ ቆንሲሉ፣ ነጋዴው ሁሉም በየተራቸው ይመጣሉ፤ ሁሉም ስም አላቸው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሊጻፍም ይገባዋል። ነገር ግን ውድ አንባቢያን፣ እኔን ዘወትር የሚከነክነኝ አንድ ተራ ጥያቄ አለ። ባቡሩ በደረሰበት ቀን ማታ ራት የሠራው ማን ነበር? በምን ድስት? በስንት ሰው ልክ? ሐዲዱን ሲያነጥፍ የዋለው ሠራተኛ ደክሞ ሲገባ የተኛበት ቤት ግድግዳው ምን ይመስል ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች ይዤ መጻሕፍቱን ሳገላብጥ የማገኘው መልስ እጅግ ጥቂት ነው። የከተማችን ታሪክ ሳሎኑን አሳይቶን ማጀቱን የዘጋብን ይመስለኛል።

እንጀራዬ የባንክ ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ በመስኮት በኩል የሰው ገንዘብ እቀበላለሁ፣ እከፍላለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ግጥም እሞክራለሁ። ሁለቱ ሥራዎች የሚገናኙበት ቦታ ቢኖር ትንሽ ነገርን አለመናቅ ነው። በሒሳብ መዝገብ ላይ አምስት ሳንቲም ብትጎድል ሚዛኑ አይገጥምም፤ በግጥምም አንዲት ፊደል ብትተርፍ ቤቱ ይፈርሳል። ስለዚህ የድሬዳዋን ታሪክ ከትንሹ ነገር፣ ከድስቱ፣ ከስኒው፣ ከመጋረጃው በኩል ለማየት ብሞክር ብዙም አትፈርዱብኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ሙያ «ባልትና» ብለው ሰይመውታል። ባልትና ወጥ መሥራት ብቻ አይደለም፤ ያለውን አብቃቅቶ ቤትን ቤት ማድረግ ነው።

*

ከገንዘብ ልጀምር፤ የማውቀው እሱን ነውና።

በምኒልክ ዘመን የአገሪቱ ዋና መገበያያ የማሪያ ትሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ጠገራ ብር ለበሬ መግዣ፣ ለጠመንጃ፣ ለግብር ጥሩ ነው፤ ለሽንኩርት ግን አይሆንም። አንዲት ሴት ለአንድ ቀን ወጥ የሚበቃ ሽንኩርትና በርበሬ ልትገዛ ጠገራ ብር ይዛ ብትወጣ ማን ይመነዝርላታል? በየገበያው አሞሌ ጨው፣ አልፎ አልፎም የጠመንጃ ፍሽክ እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ ያገለግሉ የነበሩት በዚህ ምክንያት ነው። አስቡት፤ ለእራት የሚሆን ጎመን በጥይት ሲገዛ!

የምሥራቁ አገር ግን በዚህ ረገድ ቀደም ያለ ነበር። የሐረር አሚሮች ከምኒልክ በፊት ጀምሮ «መሐለቅ» የምትባል ጥቃቅን ሳንቲም ያስመቱ ነበር። ከሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ጋር ደግሞ «ቤሳ» መጣች፤ ይህች ቃል የሕንዱ «ፓይሳ» ዘመድ ናት። ዛሬ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ስንል የጥንት የሱቅ ሳንቲም እየጠራን መሆኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ምኒልክም የራሳቸውን ገንዘብ ሲያስመቱ ከብሩ በታች ያሉትን ግርሽና መሐለቅ ጨመሩ። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ ሲጀምር፣ ቀጥሎም በድሬዳዋ ቅርንጫፍ ሲከፍት፣ የባንኩ ደምበኞች ትልልቅ ነጋዴዎች ነበሩ። ማጀቱ ግን ከባንኩ ይልቅ ከሳንቲሟ ጋር ይበልጥ ተዋደደ። ምክንያቱም ትንሽ ገንዘብ ከሌለ ትንሽ ግዢ የለም፤ ትንሽ ግዢ ከሌለ ደግሞ ደመወዝተኛ የሚኖርባት ከተማ አትኖርም።

ይህ አባባሌ የተጋነነ እንዳይመስላችሁ። በደጋው የገበሬ ቤት እህል የሚሰፈረው በቁና፣ የሚከማቸው በጎተራ፣ ጠላው የሚጠመቀው በጋን ነው። ዓመቱ የሚለካው በመኸር ነው። የባቡር ሠራተኛ ቤት ግን ጎተራ የለውም፤ ጎተራው ደመወዙ ነው። ስለዚህ የባቡር ከተማ ገበያ ከጎተራው ዓለም የተለየ መስፈሪያ ያስፈልገው ነበር። ቲማቲምና ሽንኩርት በመደብ፣ በርበሬ በስኒ፣ ዘይት በብርጭቆ፣ ዱቄት በጣሳ፣ ሥጋ በሩብ ኪሎ። ዛሬም ቀፊራ ገበያ ገብታችሁ ብትዘዋወሩ በጨርቅ ላይ አምስት አምስት ሆነው የተደረደሩ ቲማቲሞች ታያላችሁ። ያች መደብ የአንድ ቤት የአንድ ቀን ወጥ ናት። ድሆች የፈለሰፏት፣ ለድሆች የተመጠነች የሒሳብ አሀድ ናት ብል ማንም አይቃወመኝም።

በመስኮቴ በኩል የማውቃቸው አንዲት እናት አሉ፤ የባላቸውን ጡረታ በየወሩ ይወስዳሉ። ብሩን ተቀብለው ወዲያው አይሄዱም። ዳር ላይ ቁጭ ብለው ከነጠላቸው ጫፍ ጀምሮ በየመሐረቡ ይቋጥሩታል፤ ይህ የቤት ኪራይ፣ ይህ የከሰል፣ ይህ የዕቁብ፣ ይህ የዕድር። አንድ ቀን «እማማ፣ ለምን በደብተርዎ አያስቀምጡትም?» አልኳቸው። ሳቅ ብለው «ልጄ፣ ብር ስም ካልተሰጣት ትጠፋለች፤ ስም ሲሰጣት ግን ትቆያለች» አሉኝ። በኮሌጅ በጀት ስለሚባል ነገር ብዙ ገጽ አንብቤአለሁ፤ እንደዚህ ያጠረ ትርጉም ግን አላገኘሁም።

*

ቀጥሎ ድስቱ።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አዲስ አበባ ከዚህ እጥፍ ያህል ትከፍታለች። ይህ ልዩነት ለጂኦግራፊ ተማሪ ቁጥር ነው፤ ለባልትና ግን ሕግ ነው። በደጋ የተቦካ ሊጥ ቀናትን በእርጋታ ይጠብቃል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎም ይኮመጥጣል። በደጋ ለሳምንት ታስቦ የሚጋገረው እንጀራ እዚህ ሦስተኛውን ቀን ሳያይ ሻጋታ ያወጣል። ማታ የተሠራ ወጥ ካላሞቁት እስከ ነገ ቀትር አያድርም። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከጉራጌ ወይም ከትግራይ ተነሥታ ባሏን ተከትላ ወደዚህ ቆላ የወረደች ሙሽራ፣ ከእናቷ የተማረችውን መጠን ሁሉ እንደገና መማር ነበረባት። ቡሖውን ቀነሰች፤ የመጋገሪያውን ቀን አቀራረበች፤ ድስቷን አሳነሰች። ለሁለት ሰው የሚበቃ ወጥ መሥራት ቀላል ይመስላል፤ ለሃያ ሰው መሥራትን ለተማረ እጅ ግን ከባድ ነው። ጨው ይበዛል፣ ቅመም ያይላል፣ ከሰሉ ያርራል። «ያልተገላበጠ ያራል» የሚለው ምሳሌ በትንሽ ድስት ላይ ይበልጥ እውነት ነው።

ሙቀቱ ጠላት ብቻ አልነበረም፤ ባልትና የሚያውቅ ሰው ጠላቱን ያሠራዋል። የተረፈው እንጀራ በፀሐይ ይሰጣና ድርቆሽ ይሆናል፤ ድርቆሹ በሌላ ቀን በወጥ ርሶ ፍርፍር ይሆናል። ሥጋው ተዘልዝሎ ተሰቅሎ በጥቂት ቀናት ቋንጣ ይሆናል። ውኃው በእንስራ ይቀመጣል፤ ሸክላው ጥቂት ጥቂት እያላበ፣ ላቡም በነፋሱ እየተነነ፣ የቀረውን ውኃ ያቀዘቅዘዋል። እንስራውን በረጠበ ጆንያ መጠቅለልን ያስተማረ የፊዚክስ መምህር አልነበረም። በሞቃት ወራት ማታ ደግሞ አልጋ ወደ ግቢ ይወጣል፤ አጎበር ይሰቀላል፤ ቤቱ ራሱ ግድግዳውን አልፎ ወደ ሰማይ ይሰፋል።

እዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ነገር ላስታውስ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት በጀርመን ከተማ በፍራንክፈርት ለሠራተኞች መኖሪያ የሚሆን ጠባብ ወጥ ቤት ነደፈች። በዚያ ንድፍ 10,000 ያህል ወጥ ቤቶች ተሠሩ፤ ዛሬ በዓለም ያለው ዘመናዊ ወጥ ቤት ሁሉ ከእሱ እንደ ተወለደ ይነገራል። ሐሳቡን ካገኘችባቸው ቦታዎች አንዱ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ? የባቡር ውስጥ ወጥ ቤት! በጠባብ ቦታ፣ በጥቂት እርምጃ፣ ሁሉን ነገር ከእጅ ሳያርቁ ለብዙ ሰው ማብሰል እንዴት እንደሚቻል ባቡሩ አስተማራት። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያሰብሁት የድሬዳዋን ሴቶች ነው። እነሱም ከባቡር ጋር የመጣ ጠባብ ኑሮ ነበራቸው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ አንድ በርጩማ፤ ከበርጩማው ሳይነሡ ቡናውን፣ ወጡንና ሕፃኑን የሚያደርሱበት ሥርዓት አበጅተዋል። ልዩነቱ ንድፋቸውን በወረቀት ላይ ያኖረላቸው አለመኖሩ ነው።

*

ድሬዳዋን ድሬዳዋ ያደረጋት ግን የአንድ አገር ባልትና አይደለም። በደቻቱ ወዲያና ወዲህ፣ ከዚራና መጋላ ፊት ለፊት ሲተያዩ ኖረዋል። ከዚራ የባቡር መሐንዲሶች በገመድ ለክተው ያቀኗት፣ መንገዷ ቀጥ ያለ፣ ዛፏ የተሰለፈ፣ ቤቷ በረንዳ ያለው ሰፈር ናት። መጋላ ደግሞ እንደ ሰው ኑሮ የምትጠማዘዝ፣ ቤቱ ከቤት የተደጋገፈባት ሰፈር ናት። በሁለቱ መካከል ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ የመኑ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ፈረንሳዩና ጣሊያኑ ቅመምና እሳት ሲዋዋሱ ኖሩ።

ማስረጃ ትሉኝ እንደ ሆነ ማስረጃው አፋችን ላይ አለ። ሹካና ሩዝ፣ ፋኖስም ጭምር ከዐረብኛ ናቸው። ባጅያ ከሕንድ መጣች። ሳልሳና ፉርኖ ጣሊያንኛ ናቸው። ለገሃሬ የምንለው ሰፈር ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን «ላ ጋር» ሲሉ ሰምተን ያስቀረነው ነው። አንዲት የድሬ እናት «ፉርኖ ዱቄት አምጥተህ፣ ሳልሳውን ከፍተህ፣ ፋኖሱን አብራ» ብትል በአንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት የባሕር ወደቦችን አልፋለች ማለት ነው። ታሪክ ጸሐፊው በቤተ መዛግብት የሚፈልገውን ሰነድ እሷ በምላሷ ትይዘዋለች።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን የሐረርጌ ሆጃ ነው። የሐረር ቡና በዓለም ገበያ ስሙ የገነነ ነው፤ ፍሬው በግመል፣ ኋላም በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርዶ ባሕር ይሻገራል። ያበቀለው ገበሬ ቤትስ? ፍሬው ለገንዘብ ይሸጥና ገለባውና ቅጠሉ ለቤት ይቀራል። ገለባው ወይም ቅጠሉ ተፈልቶ፣ ወተትና ጨው ታክሎበት የሚጠጣ ሙቅ መጠጥ ይሆናል። ሰው የሚጥለውን አንሥቶ እንግዳ የሚከበርበት መጠጥ ማድረግ ትልቅ ሙያ ነው። ነገር ግን ስንጠጣው ሌላውንም ማሰብ ይገባናል፤ ጣዕሙ ውስጥ የንግድ ሚዛን አለበት። ፍሬው ለሩቅ ሰው፣ ገለባው ለባለቤቱ። ባልትና አንዳንድ ጊዜ የደስታ ጥበብ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የጉድለት መሸፈኛ ነጠላ ነው።

*

ስለ ቤት ማስጌጥም እንዲሁ ቃላቱ ይመስክሩ። ጣራውን ከታች የሚሸፍነው «ኮርኒስ» ጣሊያንኛ ነው። ተለስኖ የሚያበራው የሲሚንቶ ወለል «ሊሾ» ጣሊያንኛ ነው። ከአልጋው ጎን የምትቆመው «ኮመዲኖ»ም እንዲሁ። ብርጭቆ የሚደረደርበት «ቡፌ» ግን ከፈረንሳይ ወገን ነው፤ በላዩ የሚነጠፈው «ዳንቴል»ም፣ ዳንቴሉ የሚሠራበት «ኪሮሽ»ም ፈረንሳይኛ ናቸው። ቃሎቹ የሀብታም ቤት ቃሎች ነበሩ፤ የድሬዳዋ ሴቶች ግን በድሃ ቤት ውስጥ አስገቧቸው። ኮርኒሱን ከአቡጀዲ ሰፉት፤ ጨርቁን ከአራት ማዕዘን ወጥረው በኖራ ሲቀቡት ከእንጨት የተሠራ ይመስላል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በከተማይቱ ውስጥ መኖሩ አቡጀዲውን ለማጀቱ ቅርብ አደረገው። በዚያው ዘመን የተቋቋመው የሲሚንቶ ፋብሪካም ከአካባቢው ድንጋይ የተወለደ ነው። ኖራ ደግሞ ርካሽ ነው፤ ነጭነቱ ፀሐይን ይመልሳል፣ ጠባቡን ክፍል ሰፊ ያስመስላል። በየበዓሉ ዋዜማ ኖራ መቀባት ጌጥም መድኃኒትም ነበር።

ጎረቤታችን ሐረር በዚህ ሙያ ታላቅ እኅታችን ናት። በሐረሪ ቤት፣ በጌይ ጋር፣ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ ግድግዳውን የሚያለብሱት በቀለማት የተሰፉ ስፌቶችና ሳህኖች ናቸው። እንግዳ ሰው ሲያያቸው ጌጥ ብቻ ይመስሉታል። ነገር ግን ስፌቱ ነገ ወርዶ ዳቦ ይቀርብበታል፤ ሳህኑ ወርዶ ይበላበታል። ቁም ሣጥን በሌለበት ቤት ግድግዳው ራሱ ቁም ሣጥን ነው። የሚያምረው ነገርና የሚያገለግለው ነገር አንድ የሆኑበት ቤት ከዚህ የበለጠ አላውቅም።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ግን የምወደው የግድግዳ ጌጥ ሌላ ነው፤ ጋዜጣ። በጭቃ በተመረገ የድሃ ቤት ግድግዳ ላይ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ መለጠፍ በመላ አገራችን የታወቀ ነበር። አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. መታተም ከጀመረ ወዲህ ስንት ቤት አልብሶ ይሆን? ጋዜጣው አቧራውን ይይዛል፣ ግድግዳውን ያቀላል፤ ከዚያ በላይ ግን ያነብባል። በሕመም አልጋ ላይ የተኛ ሕፃን፣ ቡና እስኪፈላ የሚጠብቅ ጎረምሳ፣ ሌላ መጽሐፍ የሌለው ተማሪ ግድግዳውን ያነብ ነበር። ግማሹ ርዕስ በምስማር ተበስቶ፣ ግማሹ ዜና በሌላ ወረቀት ተሸፍኖ፣ የጎደለውን በሐሳቡ እየሞላ። በአገራችን ስንት ገጣሚ የመጀመሪያ መጽሐፉ ግድግዳ እንደ ነበረ ማን ይቆጥረዋል? እናቲቱ ግን ቤቷን ለማስጌጥ እንጂ ቤተ መጻሕፍት ለመክፈት አላሰበችም።

*

ዘመን ሲለወጥ ማጀቱም አብሮ ይለወጣል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ብዙ የድሬዳዋ ነዋሪ የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆነ። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ከተማይቱን ሲያጠቃና የሐዲዱ ድልድዮች ሲፈርሱ፣ ከባሕር የሚመጣው ዕቃ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ዘመን ነው፤ ስኳር በደብተር፣ ሳሙና በደብተር። በዚያ ዘመን ያደጉ ሰዎች ዛሬም የሻይ ማንኪያቸውን ሲያነሡ እጃቸው ይጠነቀቃል።

የቀበሌው ቤት በጌጥ ላይ ያመጣውን ለውጥ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ይመስለኛል። ቤቱ የራስ አይደለምና ግድግዳ ማፍረስ፣ ክፍል መጨመር ፈቃድ ይጠይቃል። መጋረጃ ለመስቀል ግን ማንም ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ አንዱ ክፍል በመጋረጃ ተከፍሎ ሁለት ሆነ፤ ወዲህ ሳሎን፣ ወዲያ መኝታ። ሬዲዮዋ ጥልፍ ለበሰች፤ ወንበሩ ዳንቴል ለበሰ። መለወጥ የማይቻለውን ቤት በጨርቅ ለወጡት።

ዕቃውስ ከየት መጣ? አንዱ መንገድ ዕቁብ ነው፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ተዋጥቶ ባለተራዋ ድስት ወይም ብርድ ልብስ ትገዛለች። ሌላው መንገድ ልዋጭ ነው። አዲስ ሳህንና ኩባያ ተሸክሞ «ልዋጭ!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ሰው ያረጀ ልብስ ተቀብሎ ዕቃ ይሰጣል። ገንዘብ በሌለበት የሚካሄድ ግብይት ነውና እኔን እንደ ባንክ ሠራተኛ ያስቀናኛል፤ ያለ ብድር፣ ያለ ወለድ፣ ያለ ፊርማ! «ቆራሌው» ደግሞ ባዶ ቆርቆሮና ጠርሙስ ይሰበስባል። ቆርቆሮው ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ ኩራዝ፣ የቡና መቁያ፣ አክንባሎ ሆኖ ይመለሳል። የኒዶ ጣሳ ወተቱ ካለቀ በኋላ ሁለተኛ ዕድሜ አለው፤ በርበሬ ይይዛል፣ ዱቄት ይሰፍራል፣ በመጨረሻም ዝጎ ሲበሳ አበባ ይተከልበታል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. «ላቀች» የሚባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ሲመጣም ቆርቆሮውን ከውጭ፣ ሸክላውን ከውስጥ አድርጎ የሠራው ይኸው የቀጥቃጭ ጥበብ ነው።

አንድ ጌጥ ግን ማንም ሳይከፍልበት ለሁሉም ተሰጥቷል። አበባው እንደ ፍም የሚቀላውን ዛፍ በመላ ኢትዮጵያ «የድሬዳዋ ዛፍ» ይሉታል፤ ትውልዱ ከማዳጋስካር ነው። እንግዳ ሆኖ መጥቶ በከተማይቱ ስም የተጠራ ዛፍ! ከዚህ የበለጠ የድሬን ጠባይ የሚገልጽ ነገር አላውቅም።

*

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለትዝታ ብቻ አይደለም። ሁለት ነገሮች ያሳስቡኛል።

የመጀመሪያው መጥፋት ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ወሰደ፤ በሺህ የሚቆጠሩትን ቤት አልባ አደረገ። ለሰው ነፍስ ምንም አይተካም፤ ስለ ዕቃ ማውራት ከነፍስ በኋላ ነው። ነገር ግን ያ ጎርፍ አብሮ የወሰደው ብዙ ነው፤ ከአያት የተወረሰ ስፌት፣ የሠርግ ዳንቴል፣ ፎቶግራፍ፣ የዕቁብ ደብተር። ስለ ድሬዳዋ ማጀት ሊጻፍ የሚችል ታሪክ ከነምንጩ በአንድ ሌሊት ወደ አሸዋው ወረደ። ጎርፍ ባይመጣም ጊዜ ራሱ ጎርፍ ነው። አሮጌው ባቡር በአብዛኛው መስመሩ ሥራውን አቁሟል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ ጣቢያ አለው። የአሮጌውን ሐዲድ ብረት የሚያስታውስ ይኖራል፤ በሐዲዱ ደመወዝ ልጆች ያሳደገችውን ድስት የሚያስታውስ ግን ማን አለ?

ሁለተኛው ይበልጥ ይከብደኛል። ቁጠባና ማጣት በመልክ መንታ ናቸው። ሁለቱም በስኒ ይገዛሉ፤ ሁለቱም የተረፈውን ያደርቃሉ። ልዩነታቸው ምርጫ ነው። ቁጠባ ማለት ነገ የሚሻል ነገር እንዲኖር ዛሬን መመጠን ነው፤ ማጣት ግን ነገ የሌለው ዛሬ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በመስኮቴ በኩል የማያቸው የቁጠባ ደብተሮች ብዙ ይነግሩኛል። የሚገባው ትንሽ ነው፤ የሚወጣው ቶሎ ነው። መደቧ ላይ የነበሩት አምስት ቲማቲሞች ሦስት ሲሆኑ ዋጋዋ ግን አልቀነሰም። ያችን መደብ የምትገዛዋ እናት ዛሬም ባለሙያ ናት፤ ወጧም ይጣፍጣል። ነገር ግን ሙያዋን ስናደንቅ ጉድለቷን እንዳንረሳ እፈራለሁ። «እናቶቻችን ከምንም ነገር ሁሉን ይሠራሉ» የሚለው ምስጋና ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከምንም እንዲሠሩ የተዋቸው ማን እንደ ሆነ አይጠይቅም። እውነተኛ የማጀት ታሪክ ቢጻፍ ሁለቱንም መጻፍ አለበት፤ ጥበቡንም፣ ጥበቡን ያስገደደውንም።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ አንድ ልመና አለኝ። እናታችሁ፣ አክስታችሁ ወይም አያታችሁ በሕይወት ካሉ ጠይቋቸው። የመጀመሪያውን ድስት ከየት ገዙት? በስንት? ኮርኒሱን ማን ሰፋው? በራሽኑ ዘመን ስኳሯን እንዴት አቃመሷት? የሚነግሯችሁን በቀላል ደብተር ላይ ጻፉት፤ ቀኑን አትርሱ። ከተማችን አንድ ቀን ለአሮጌው ጣቢያ የተሟላ ቤተ መዘክር ብታበጅለት፣ ከሞተሩና ከሐዲዱ ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል ለማጀቱ ትተው። በውስጧም አንድ የከሰል ምድጃ፣ አንድ እንስራ፣ አንድ የተበሳ ጣሳ፣ በጋዜጣ የተለጠፈ አንድ ግድግዳ ይኑር። ልጆች መጥተው ግድግዳውን ያንብቡት።

እስከዚያው ድረስ ይህችን አነስተኛ ስንኝ ተቀበሉኝ።

ሐዲድ የዘረጋ ስሙ በድንጋይ ላይ፣
ድስቱን የጣደችው ስሟ በጭሱ ላይ፤
ድንጋዩም ይፈርሳል ጭሱም ይበተናል፣
የበላው ልጅ ብቻ ቆሞ ይመሰክራል።

ታሪክ ጸሐፊ ሆይ ስታልፍ በዚያ መንደር፣
ጥቂት ቆየት ብለህ ማጀቱንም ቁጠር፤
በስኒ የተለካች ያች ጥቂት በርበሬ፣
እሷም አቁማለች አንቺን ያህል ድሬ።